ከአልጋው ሥር የሚያንኳኳው ፓምፕ

ሃርላን ቲተር ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ሲያከፋፍል የኖረ ሰው ነው። ደቡብ ዳኮታ ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ የዳቦ መኪናውን አስነሥቶ ከአንዷ ትንሽ ከተማ ወደ ሌላዋ ሲዞር ነው ጡረታ የወጣው። መፍቻ ጨብጦ አያውቅም። መኪናው ሲበላሽ ጋራዥ ይወስዳል፤ ጣሪያው ሲያፈስ ሰው ይጠራል። ሚስቱ አርዲስ ደህና በነበረችበት ጊዜ «የኔ ባል አምፖል ለመቀየርም ሁለት ቀን ያስባል» እያለች ታሾፍበት ነበር። እሱም «አንቺንም ያገባሁሽ ሁለት ቀን አስቤ ነው» ይላታል።

እኔ ሎርና እባላለሁ። ዊስኮንሲን ውስጥ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ባሌ ከሞተ ወዲህ፣ በረዶው ሲጀምር አሮጌ ካምፐሬን አስነሥቼ ወደ አሪዞና በረሃ እወርዳለሁ። እንደኔ ያሉ ብዙ ናቸው። መኪናችን ቤታችን ነው፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ የምንሰፍርበት ሜዳ የመንግሥት መሬት ስለሆነ መብራትም የውሃ መስመርም የለውም። መብራቱን ከፀሐይ እናገኛለን፤ ውሃውን ከተማ ሄደን በታንከራችን ሞልተን እንመጣለን። ሃርላንና አርዲስ ቤታቸውን ሸጠው እንደ አውቶቡስ የረዘመ ካምፐር ከገዙ ጀምሮ ከጎኔ ነበር የሚሰፍሩት።

የመጀመሪያው ዓመት ሳቅ በሳቅ ነበር። አርዲስ ድሮ ፀጉር ሠሪ ስለነበረች ሰው ስታይ መጀመሪያ ፀጉሩን ነው የምታየው፤ ፊቱ ሁለተኛ ነው። እኔን ያየችኝ ዕለት «ይሄን ፀጉር በምንድን ነው የምትቆርጪው፣ በአጥር መከርከሚያ ነው?» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆንን።

በሁለተኛው ዓመት መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ የካርታ ጨዋታ ተራዋን ረሳች፤ ቀጥሎ የልጅ ልጆቿን ስም። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራቸውና መድኃኒት አዘዘላት። ሃርላን ስለዚያ ስም ብዙ አያወራም። «ትንሽ ደክሟታል» ነው የሚለው። ማብሰሉን ተማረ፤ የሚያበስለው ነገር አይበላም ነበር፤ እኛም ዝም ብለን እንበላለን።

የዚያ ካምፐር ፓምፕ የተተከለው ከአልጋው ሥር ነው። ቧንቧ ሲከፈት ፓምፑ ይነሣና ከታንከሩ ውሃ ይገፋል፤ ሲዘጋ ያቆማል። ቧንቧው ጥቂት ብቻ ከተከፈተ ደግሞ ይነሣል ይቆማል፣ ይነሣል ይቆማል። የሁላችንም ፓምፕ ይጮኻል፤ ተለምዷል። የነሃርላን ግን ከሌላው ይለያል። ውሃ በተከፈተ ቁጥር ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል። ውጭ ወንበር ዘርግተን ተቀምጠን እንኳ ይሰማናል። የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚመስለው።

አርዲስም በሩ ነው ብላ ታስብ ጀመር።

ሃርላን ጠዋት ጢሙን ሲላጭ፣ ውሃውን ቀጭን አድርጎ ይከፍታል፤ ግድግዳው ያንኳኳል፤ አርዲስ ብድግ ትላለች። «መጣሁ፣ መጣሁ!» ብላ በሩን ትከፍታለች። በሩ ላይ ማንም የለም፤ ሜዳውና ቁጥቋጦው ብቻ ነው። ግራና ቀኝ አይታ ትመለሳለች። ሰሃን ሲታጠብ እንደገና። እጅ ሲታጠቡ እንደገና። እኔ ከመስኮቴ አያት ነበርና እጄን አወዛውዝላታለሁ። አንዳንዴ «አንቺ ነሽ እንዴ ያንኳኳሽው?» ትለኛለች። «አይ፣ እኔ አይደለሁም» እላታለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከካምፐሩ በር ሥር ያለው ተጣጣፊ መርገጫ ሳይዘረጋ ቀርቶ ነበር። ሃርላን ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ቧንቧውን ከፈተ። አርዲስ «መጣሁ!» ብላ በሩን ከፈተችና መርገጫው ወደሚዘረጋበት ባዶ ቦታ እግሯን ሰደደች። ጩኸቷን ሰምቼ ስሮጥ መሬት ላይ ተቀምጣ የግራ እጇን አንጓ ይዛለች። ሃርላን ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳሙና እንደሆነ አጠገቧ ተንበርክኳል።

«ማን ነበር ያንኳኳው?» ትለዋለች።

«ማንም አይደለም፣ የኔ ቆንጆ። ውሃው ነው።»

«ውሃ በር ያንኳኳል?» አለችውና ወደኔ ዞራ «ሰውየው አልዞረበትም ትያለሽ?» አለችኝ። እጇ እያበጠ ነው፤ እሷ ግን ትስቅበታለች።

አጥንቷ አልተሰበረም፤ ወለምታ ነው ተባለ። በፋሻ ተጠቅልላ ተመለሰች። ሃርላን ግን ያን ዕለት ምሳም አልበላም። ወንበሩን ከበሩ ፊት ለፊት አድርጎ ተቀመጠ።

ወሬው ሲሰማ ቡርዴት መጣ። ቡርዴት ከኦሪገን የመጣ፣ ዕድሜውን ሙሉ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ ሹክሹክታ የማያውቅ ሰው ነው። ምሥጢር ሲነግርህ እንኳ ሜዳው ሁሉ ይሰማል።

«ቆልፍባታ በሩን!» አለ።

«ቆልፌ ነበር» አለ ሃርላን። «አለቀሰች። ደግሞስ እሳት ቢነሣ?»

«እንግዲያው ከተማ ግቡ። የውሃ መስመር ያለው ግቢ ተከራይ። ውሃው በራሱ ግፊት ይመጣል፤ ፓምፕ አያስፈልግህም።»

«እሱንም አምና ሞክረነዋል። እዚያ ካምፐሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ወጥታ የሰው ቤት ገብታ ተገኘች። እዚህ ግን ያን ኮረብታ ስታየው ቤቷን ታውቃለች።»

ቡርዴት ኮረብታውን አየ። «እና ምን ልታደርግ ነው?»

«ድምፁን አጠፋዋለሁ።»

«አንተ? አንተ የዳቦ ሰው?» ቡርዴት በሰው አይስቅም ብል ደስ ባለኝ፣ ግን ይስቃል፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እንኳን ፓምፕ፣ የሬዲዮ ድምፅ መቀነስ ትችላለህ?»

ሃርላን ተነሥቶ ወደ ካምፐሩ ገባ።

መጀመሪያ ፓምፑን ጨርሶ አጠፋውና ውሃ በጀሪካን አስቀመጠ። ያ ሁለት ቀን እንኳ አልቆየም። አርዲስ ቧንቧ ትከፍታለች፣ ውሃ የለም፤ «ውሃ ቆረጡብን እኮ! ሳትከፍል ቀርተህ ነው!» ብላ ትቆጣለች። እሱ ከጀሪካኑ ይቀዳላታል፤ እሷ ዞር ብላ እንደገና ቧንቧውን ትከፍታለች፤ ቁጣው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ስለዚህ አልጋውን አነሣ። ፍራሹን ውጭ አውጥቶ ከቁጥቋጦ አጠገብ ዘረጋው፤ እኔ የእጅ ባትሪ ይዤ ገባሁ። ፓምፑ የሁለት ቡጢ ያህል ነገር ነው። ከሥሩ አራት የጎማ እግሮች አሉት፤ በብሎን ከቀጭን ኮምፔንሳቶ ወለል ጋር ተጣብቋል። ሃርላን ነካካውና «ላልቶ ነው የሚያንቀጠቅጠው» አለ። ከኔ በተዋሰው ካቻቢቴ አራቱንም ብሎኖች እስኪደክመው ድረስ አጠበቃቸው። ቧንቧውን ስንከፍት ካምፐሩ ራሱ ማጉረምረም ጀመረ።

ቡርዴት ከውጭ ሆኖ «አሁንማ የጀልባ ሞተር ሆነ፤ ዓሣ ልታጠምዱበት ትችላላችሁ!» አለ።

ሃርላን ብርድ ልብስ ጠቀለለበት። ፓምፑ ትንሽ ታፈነ፤ የበሩ አጠገብ ግድግዳ ግን እንደ ልማዱ ያንኳኳል። አርዲስም እንደ ልማዷ ተነሣች። አሁን በሩ ላይ እኔ ወይም ቡርዴት ስለምንቆም አትወድቅም፤ «አንተ ነህ እንዴ?» ትለዋለች ቡርዴትን፤ «እኔ ነኝ፣ እመቤቴ» ይላታል፤ «ግባ እንግዲህ፣ እግርህን ጥረግ» ትለዋለች። ቡርዴት እግሩን ጠርጎ ሲገባ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ከዚያ ሃርላን ከተማ ሄዶ አዲስ ፓምፕ ገዛ። ሻጩ «ድምፅ የለውም» ብሎ ነው የሰጠው። ቡርዴት ዕቃውን ከሳጥኑ አውጥቶ አገላበጠና «ጥሩ ነው፣ ግን» አለ።

«ግን ምን?»

«ትከለውና ራስህ ስማው።»

ተከሉት። እውነትም ፓምፑ ራሱ ዝም አለ ማለት ይቻላል፤ ከአልጋው ሥር ቀጭን ዝዝዝ ብቻ ነው የሚሰማው። ግድግዳው ግን፦ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ሃርላን ካቻቢቴውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ተስፋ የቆረጠ መስሎኝ ቡና ላፈላ ተነሣሁ።

«ሎርና፣» አለኝ፣ «ቧንቧውን በትንሹ ክፈቺልኝ፤ ዝጊ እስክልሽ አትዝጊው።»

ከፈትኩት። እሱ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከአልጋው እስከ በሩ ድረስ ቀስ እያለ ሄደ። ከበሩ አጠገብ ቆመ። «እዚህ ነው» አለ። «የዳቦ መኪናዬ መደርደሪያ እንዲሁ ነበር የሚያደርገኝ። ሞተሩ ነው ብዬ ስንቴ ጋራዥ ወስጄዋለሁ። ሞተሩ አይደለም፤ የላላ ብረት ሌላ ብረት ሲነካ ነው። ካርቶን አጥፌ መሃሉ ስሰካበት ጸጥ ይላል።»

የግድግዳውን ስስ ሽፋን ሲያነሣው ጉዳዩ ግልጽ ሆነ። ፓምፑ ውሃውን የሚገፋው ትር፣ ትር እያደረገ ነው። ከእሱ የሚነሣው ቧንቧ ደግሞ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ትርታውን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል፤ በሩ አጠገብ ሲደርስ የሚይዘው ነገር ስለሌለ ግድግዳውን ይደበድባል። ቡርዴት አንገቱን አስግጎ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ ተናገረ። «ልክ ነህ» አለ። ወዲያው ግን ድምፁ ተመለሰለት። «እንግዲያው ና፣ እንሥራው! ዕቃውን እኔ እነግርሃለሁ፤ የምትሠራው ግን አንተ ነህ። እኔ ከአልጋ ሥር ከገባሁ የሚያወጣኝ የለም።»

እውነቱን ነው፤ ሆዱ አያስገባውም።

ከፓምፑ ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠው አነጠፉ፤ ብሎኖቹንም የጎማ እግሮቹ እንዳይጨፈለቁ አላልተው አሰሩ። ከፓምፑ መግቢያና መውጫ ደረቁን ፕላስቲክ ቆርጠው አወጡና በምትኩ ለስላሳ ጎማ ቱቦ እንደ ቀለበት አዙረው ገጠሙ፤ ትርታው እዚያ እንዲሞት። ግድግዳ ውስጥ ያለውን ቧንቧ ስፖንጅ አልብሰው በየቦታው በማሰሪያ ያዙት። በመጨረሻ ቡርዴት አንድ ትንሽ ታንከር አስገዛው፤ ውስጡ በጎማ የተከፈለ ነው፣ በአንድ ወገን አየር፣ በሌላው ውሃ። «ፓምፑ አንዴ ይሞላዋል» አለው። «ከዚያ ጥቂት ውሃ ስትፈልግ ፓምፑ ሳይነሣ ከዚህ ይሰጥሃል። ጢምህን ተላጭተህ ትጨርሳለህ።»

ሲነገር ቀላል ነው። ሲሠራ ግን ሃርላን በደረቱ ተኝቶ፣ መነጽሩ እየወረደ፣ ፒንሳው ከእጁ እያመለጠ ነው። ያልሰማሁት ስድብ የለም፤ ዳቦ ያከፋፍል የነበረ ሰው ይህን ሁሉ ስድብ ከየት ያውቃል ብዬ ነበር። አርዲስ ውጭ ከኔ ጋር ተቀምጣ «ማነው የሚሳደበው?» ትላለች።

«ሃርላን ነው።»

«የኔ ሃርላን? የኔ ሃርላን አይሳደብም። አጉል ሰው ነው ያስገባሽው።»

ጨርሰው ፍራሹን መለሱ፤ ውሃውን ለቀቁ። ጸጥ አለ። ተጨባበጥን። ምሳ በልተን ስንመለስ ፍራሹ በውሃ ርሷል፤ ሃርላን አንዱን ፋሼታ፣ የቱቦውን ማሰሪያ፣ ሳያጠብቀው ቀርቶ ውሃው በዚያ ሲንጠባጠብ ቆይቷል። ቡርዴት ሊስቅ አፉን ሲከፍት አየሁትና በክርኔ ጎሸም አደረግሁት። ፍራሹን እንደገና ፀሐይ ላይ ዘረጋነው፤ ሃርላንም እንደገና በደረቱ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ሃርላን በሩን ክፍት አድርጎ ፊቱን ሳሙና ቀባ። እኔና ቡርዴት ውጭ ቆመን እናያለን። ቧንቧውን ቀጭን አድርጎ ከፈተ። ውሃው ወረደ። ምንም የለም። አርዲስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ የማርማላታ ዳቦዋን ትበላለች፤ ቀና እንኳ አላለችም። ተላጭቶ ጨረሰ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ቧንቧውን ዘግቶ ከፈተ፣ ደግሞ ዘግቶ ከፈተ። ዞር ብሎ ሲያየን ዓይኑ እንባ ሞልቶታል፤ ሳሙና ገብቶት ነው ብንል ይሻል ይሆናል፤ እኔ ግን አይመስለኝም።

ቡርዴት «እንግዲህ የዳቦው ሰው!» ብሎ ጮኸ።

ያ ሳምንት ለሃርላን ጥሩ ነበር። የጎረቤት ሰዎች እየመጡ ቧንቧ ክፈትልን ይሉታል፤ ይከፍትላቸዋል፤ ጆሯቸውን አቅንተው ያዳምጣሉ፤ ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። አርዲስ አትነሣም፣ አትወድቅም። እጇም እየዳነ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሃርላን ወደኔ መጣ። አልተቀመጠም። «አርዲስን አነጋግሪልኝ» አለኝ። «የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ።»

«ፈሰሰ እንዴ?»

«ፓምፑ አይደለም። ሂጂና ስሚያት።»

ሄድኩ። አርዲስ ንጹሕ ሸሚዟን ለብሳ፣ ሽርጥ ታጥቃ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ማበጠሪያዎቿ በመጠን በመጠናቸው ተደርድረዋል።

«ሰው እየጠበቅሽ ነው?» አልኳት።

«እየጠበቅሁማ ነበር» አለችኝ። «አንድም ሰው አይመጣም። ድሮ በር ሳይንኳኳ የሚያልፍ ሰዓት አልነበረም። አሁን ይኸው፣ ማንም የለም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የአንዷን ፀጉር አበላሽቼባት መሆን አለበት። እሷ ለሌሎቹ ነግራ ነው። የማንን እንዳበላሸሁ ግን ማስታወስ አቃተኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ሃርላንም በኋላ አብራራልኝ። አርዲስ ፀጉር የምትሠራው እዚያው ደቡብ ዳኮታ ቤታቸው ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል ነበር። ደንበኞቿ በጓሮ በር ነው የሚመጡት፤ አንኳኩተው ይገባሉ። እኛ ግድግዳው አስደነገጣት ስንል እሷ ሥራ ላይ ነበረች። «መጣሁ!» ማለቷ ለዚያ ነው። ሰው ባታገኝም ነገ ይመጣሉ ብላ ትቀመጣለች። አሁን ጸጥታው ደንበኛሽ ሁሉ ጠልቶሻል አላት።

ሃርላን ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ቡርዴትም መጥቶ ነበር።

«ስፖንጁን ላውጣው ይሆን?» አለ ሃርላን። «ቧንቧውን ልፍታው?»

«አብደሃል?» አለ ቡርዴት። «ደግሞ ትወድቅብሃላ!»

«ተቀምጣ ከምታዝንስ?»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አልኩ። ካምፐሬ ገብቼ ፀጉሬን አጠብኩ። ፎጣ ጠቅልዬ ሄድኩና በራቸውን አንኳኳሁ፤ በእጄ፣ እንደ ሰው።

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለች ከውስጥ።

ከፈተችው። አየችኝ። መጀመሪያ ፎጣውን፣ ቀጥላ ፊቴን።

«አርዲስ፣ ቀጠሮ የለኝም» አልኩ። «ጊዜ ይኖርሻል?»

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ወረፋ እንደሚቆጥር ሰው ባዶውን ካምፐር አየች። «ለአንቺ አላጣም» አለች። «ግቢ። ዛሬ ቀለል ያለ ቀን ነው።»

ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ፎጣውን አንገቴ ላይ አሰረች። የግራ እጇ ገና ስላልጠነከረ ቀስ ብላ ነው የምትሠራው፤ ግን ጣቶቿ የሚያደርጉትን ያውቃሉ። ማበጠሪያውን በጥርሷ ይዛ ፀጉሬን ትከፍላለች፤ ትጠቀልላለች፤ በፀጉር መርፌ ትይዘዋለች። የሃርላንን ስም የምትረሳበት ቀን አለ፤ ያን ዕለት ግን ከፀጉር ሥራው አንዲት ነገር አልሳተችም። ወሬውንም አልረሳችውም፤ የማላውቃት የአንዲት ሴት ባል ከሌላ ጋር እንደሄደ በዝርዝር ነገረችኝ። ምናልባት ያ ሰውዬ የሄደው እኔ ሳልወለድ ነው።

መስታወት ሰጠችኝ። ፀጉሬ የእናቴን ዘመን ፀጉር መስሏል። በጣም አማረብኝ።

በማግስቱ ቡርዴት አንኳኳ። ቡርዴት መላጣ ነው፤ ከጆሮዎቹ በላይ ጥቂት ነጭ ፀጉር ብቻ ነው ያለው። አርዲስ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«አንተን ምኑን ልሥራልህ?»

«ያለውን፣ እመቤቴ።»

«ያለውንማ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ።» ሆኖም አስገባችው። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ያቺ ጥቂት ፀጉር ተከርክማ፣ ሽቶ ተቀብታ ነበር። «ስትከረክመኝ ጆሮዬን ቆረጠችው» አለን በዚያ ድምፁ፤ ውሸቱን ነው፤ ደስ ብሎታል።

ከዚያ ወሬው በሜዳው ዞረ። ማንም ማንንም አላዘዘም። አንዷ ትመጣለች፣ ሌላዋ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ሁሉም ያንኳኳሉ፤ በር ክፍት ቢሆን እንኳ ያንኳኳሉ። ኬክ ይዛ የምትመጣ አለች፤ ሾርባ ይዛ የምትመጣ አለች፤ በዚህ የተነሣ የሃርላንን ምግብ መብላት ቀረልን። አንዳንድ ቀን አርዲስ ይደክማትና ማበጠሪያውን እያየች ምን እንደሆነ ይጠፋባታል። ያኔ ሃርላን «ዛሬ ዝግ ነው» ይላል፤ ሰውም ይመለሳል።

በሩ ስለሚከፈት መርገጫው መስተካከል ነበረበት። ቡርዴት ሰፊ የእንጨት ደረጃ ሠራ፤ በሁለቱም ወገን መደገፊያ አለው። ሃርላን ሚስማሩን መታ። አንዱን ሚስማር አጣምሞ መታው፤ እስካሁን እዚያው ነው።

ሁለት የብርድ ወቅቶች እንዲህ አለፉ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። አርዲስ መራመድ ስለከበዳት አበርዲን በምትባለው የደቡብ ዳኮታ ከተማ፣ ልጃቸው ባለችበት፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገባች። ሃርላን ካምፐሩን የልጁ ግቢ ውስጥ አቁሞ እዚያው ይኖራል። ልጁ ቤት ግባ ብትለው እምቢ አለ። ጠዋት ጠዋት ወደ አርዲስ ይሄዳል፤ ቁርሷን ያበላታል፤ ማታ ይመለሳል። በረዶው ሲከብድ የውሃው መስመር እንዳይቀዘቅዝ ታንከሩን አፍስሶ ያደርቀዋል፤ ይህንንም ራሱ ነው የሚሠራው።

ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሃርላን ከስቷል፤ ሸሚዙ ግን የተተኮሰ ነው። አርዲስ በመንከባከቢያው ግቢ ውስጥ ጥላ ሥር ተቀምጣ ነበር። አላወቀችኝም። እጄን ይዛ ግን አልለቀቀችም፤ እኔም ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሃርላን የተቀቀለ በቆሎ እየፈለፈለ ያጎርሳታል፤ በመሃሉ ስለ ልጁ ውሻ፣ ስለ ስንዴው ዋጋ፣ ስለ ቡርዴት የጉልበት ሕመም ያወራኛል።

«እንዴት ነው የምትችለው?» አልኩት ስንወጣ።

«ዛሬ በደንብ በልታለች» አለኝ። «አየሻት አይደል? ሁለት በቆሎ ጨረሰች።»

ወደ ዋናው መንገድ እንዴት እንደምወጣ ሊያሳየኝ መኪናዬ ውስጥ ገባ። በቀኝ በኩል ነው አለኝ፤ እኔ በግራ ነው የመጣሁት አልኩት። ተከራከርን። እሱ ያን አገር ዕድሜውን ሙሉ የዞረበት ነው፤ በእሱ መንገድ ሄድን። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ነዳጅ ማደያ ጋ ስንደርስ ወርዶ በሩን ዘጋና፣ ወደ አርዲስ ለመመለስ በእግሩ መንገድ ጀመረ።